ሁሉም የየራሱን ማሞቂያ ይዞ የመጣበት ቢሮ

ጥያቄ፦

ሰላም ለአዘጋጆቹ። በአንድ አነስተኛ ድርጅት የአስተዳደርና የንብረት ኃላፊ ነኝ። ቢሯችን የኪራይ ነው፤ የሕንፃው የመጨረሻ ፎቅ ላይ ስለሆነ ከኮርኒሱ በላይ ያለው ቆርቆሮ ብቻ ነው። ስፋቱ 180 ካሬ ሜትር ይሆናል፣ 14 ሠራተኞች አሉን። ወደ ሕንፃው የገባ የጋዝ መስመር የለም፣ የጋራ ማሞቂያም አልተሠራለትም። በብርዱ ወራት ጠዋት ስንገባ ውጭው 5 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ውስጡም ከውጭው ብዙ አይሻልም።

ሠራተኛው ሲጨንቀው ከየቤቱ ማሞቂያ ማምጣት ጀመረ። አሁን ስድስት ደርሰዋል፣ ሁሉም 2 ኪሎዋት ናቸው። ብሬከሩ በቀን ሁለት ሦስቴ ይወርዳል፣ ኮምፒውተሩ አብሮ ይጠፋል፣ ከዚያ ሁሉም ዞሮ እኔን ያያል። ባለፈው ሳምንት ከሒሳብ ሠራተኛችን ጠረጴዛ ሥር አንድ ዲቫይደር ጠቁሮ፣ አንዱ ቀዳዳው ቀልጦ አገኘሁ። ሴትየዋ በዕድሜ የገፉ ናቸው፤ መቀመጫቸው በሩ አጠገብ ነው፣ ጉልበታቸውንም ያማቸዋል። ማሞቂያውን ልወስድ ስል “ታዲያ እኔን ምን ልታደርጉኝ ነው?” አሉኝ። መልስ አጥቼ ትቼላቸው ወጣሁ።

ሥራ አስኪያጁ በበኩላቸው “ሁለት ትልልቅ የነጭ ጋዝ ማሞቂያ ይገዛና እንገላገል፤ ርካሽ ነው” ይላሉ። አከራዩ ግድግዳ ይበሳል ሲባሉ ፊታቸው ይጠቁራል። የነጭ ጋዙን ገዝቼ ሰው ቢታመም ተጠያቂው እኔ ነኝ፤ አልገዛም ካልኩ ደግሞ ሥራ አደናቃፊ እባላለሁ። በትንሽ ገንዘብ ይህን ቢሮ ማሞቅ ይቻላል?

ከብርዱም ከአለቃም መሃል ያለሁ

መልስ፦

ውድ ጠያቂያችን፣

የሒሳብ ሠራተኛዋ የጠየቁት ተገቢ ጥያቄ ነው፤ እርስዎም መልስ ስላጡ ጥፋተኛ አይደሉም። ብርድ የያዘውን ሰው ማሞቂያውን ቀምቶ “ደንብ ነው” ማለት አያዋጣም፤ ነገ ሌላ ይዞ ይመጣል፣ ይልቁንም በደንብ አድርጎ ይደብቀዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ምትኩን፣ ከዚያ ክልከላውን ያስቡ። ማሞቂያውን ትተውላቸው መውጣትዎ ርኅራኄ ነው፣ እንረዳዎታለን። የቀለጠው ዲቫይደር ግን ለነገ አይባልም። ዛሬውኑ ይንቀሉት፣ ይጣሉት፤ ለመብራት ብቻ እንጠቀምበት ተብሎም አይቀመጥ።

ለምን እንደቀለጠ ማወቅ ለሠራተኛው ሲያስረዱ ይጠቅምዎታል። 2 ኪሎዋት ማሞቂያ በ220 ቮልት 9 አምፔር ያህል ይስባል፣ ያውም ለሰዓታት ሳያቋርጥ። ዲቫይደሩ ላይ 10 አምፔር ተብሎ ቢጻፍም ያ ቁጥር የሚሠራው ውስጡ ያለው ብረት የማሞቂያውን መሰኪያ ጥብቅ አድርጎ ሲይዝ ነው። ብረቱ ትንሽ ከላላ እዚያችው ነጥብ ላይ ሙቀት ይፈጠራል፣ ሙቀቱ ብረቱን ይበልጥ ያላላዋል፣ እንዲህ እያለ ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል። ብሬከር ይህን አያውቅም፤ የሚቆጥረው የአምፔሩን መጠን እንጂ የሶኬቱን ግለት አይደለም። ለዚህ ነው ብሬከሩ ሳይወርድ ዲቫይደሩ የነደደው።

ብሬከሩ የሚወርደው ደግሞ በ16 አምፔር መስመር ላይ ሁለት ማሞቂያ ሲገጥመው ነው፤ 18 አምፔር ይሆንበታል። ተበላሽቶ አይደለም፣ ሥራውን እየሠራ ነው። “በትልቁ እንቀይረው” የሚል ኤሌክትሪሺያን ከመጣ እባክዎ እሺ አይበሉ። ሽቦው 2.5 ስኩዌር ሚሊሜትር ሆኖ ብሬከሩ 32 አምፔር ቢደረግ፣ ዛሬ ጠረጴዛ ሥር የሚታየው ግለት ነገ ማንም በማያየው ግድግዳ ውስጥ ይሆናል። ዘላቂው ነገር እስኪሠራ ድረስ ሁለት ነገር ይወስኑ፦ ማሞቂያ በቀጥታ የግድግዳ ሶኬት ላይ እንጂ ዲቫይደር ላይ አይሰካም፤ በአንድ መስመር ላይ ከአንድ በላይ አይሠራም። የትኛው ሶኬት በየትኛው መስመር እንዳለ ለማወቅ ብሬከሮቹን አንድ በአንድ እያወረዱ የሚጠፋውን ሶኬት ቁጥር ጽፈው ይለጥፉበት።

ወደ ነጭ ጋዙ እንምጣ። ሥራ አስኪያጁ ርካሽ ነው ያሉት የመግዣውን ዋጋ አይተው ይመስለናል። አንድ ሊትር ነጭ ጋዝ ሲቃጠል 10 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ይሰጣል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ያንኑ ሊትር ለማቃጠል ወደ 10 ሜትር ኩብ አየር ከክፍሉ ይወስዳል፣ ከአንድ ሊትር የሚበልጥ ውሃም በእንፋሎት መልክ ይለቃል። ጭስ ማውጫ የሌላቸው ሁለት ትልልቅ ማሞቂያዎች በቀን 5 ሊትር ቢያቃጥሉ ከ5 ሊትር በላይ ውሃ በቀዝቃዛው መስታወትና በቆርቆሮው ሥር ያርፋል ማለት ነው። በሳምንታት ውስጥ ኮርኒሱ ላይ ጥቁር ሻጋታ ያያሉ። ክፍሉ ሲታፈን ደግሞ ቃጠሎው ይጎድልና ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣል፤ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ራስ ምታትና ድካም ሆኖ ይጀምራል፣ ይገድላል። ይህን ለመከላከል መስኮት ይከፈት ሲባል የተገዛው ሙቀት በመስኮቱ ይወጣል። እኛ ጭስ ማውጫ የሌለውን ማሞቂያ ሰው ቀኑን ሙሉ ለሚቀመጥበት ቢሮ አንመክርም። በሲሊንደር ጋዝ የሚሠራውም ጭስ ማውጫ ከሌለው ያው ነው።

ለሥራ አስኪያጁ ግን “አደገኛ ነው” ብቻ ብለው አይመለሱ፤ በእሳቸው ቋንቋ፣ በሒሳብ ይምጡ። የአንድ ሊትር ነጭ ጋዝ ዋጋ ለ10 ያካፍሉ። የአንድ ኪሎ ሲሊንደር ጋዝ ዋጋ ለ13 ያካፍሉ። የተጠቀጠቀ የእንጨት ፍሬ (ፔሌት፣ ከተጨመቀ ሰጋቱራ የሚሠራ ማገዶ) የምታገኙ ከሆነ የኪሎውን ዋጋ ለ5 ያካፍሉ፤ ጥሩ ምድጃ እንኳ ጥቂቱን በጭስ ማውጫው ስለሚያጣ ትንሽ ይጨምሩበት። ለተራ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ በቆጣሪ የምትከፍሉትን የአንድ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ እንዳለ ይውሰዱ። ለሂት ፓምፕ፣ ማለትም ሙቀትም ለሚሰጠው ኤሲ፣ አብዛኛውን ሙቀት ከውጭው አየር ስለሚስብ ያንኑ ዋጋ ለ3 ያካፍሉ። አሁን ሁሉም በአንድ ሚዛን ላይ ናቸው፤ የአንድ ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ዋጋ ነው። የትኛው እንደሚያንስ በየሀገሩ ይለያያል፣ ወረቀቱ ላይ ግን ራሱ ይናገራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናጥራ። “ኃይል ቆጣቢ” ተብሎ የሚሸጥ ተራ ማሞቂያ ብዙ አለ፤ ዘይት የተሞላው፣ ማራገቢያ ያለው፣ ሴራሚኩ፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው። ሁሉም ከቆጣሪው የወሰዱትን ያህል ሙቀት ይሰጣሉ፣ አንዱም አይጨምርም አንዱም አይቀንስም። ልዩነታቸው ሙቀቱን የት እንደሚያደርሱትና ምን ያህል ቶሎ እንደሚያደርሱት ብቻ ነው። ዋጋው እጥፍ የሆነውን ገዝቶ የመብራት ሒሳብ ይቀንሳል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው።

እስቲ አሁን ቢሮዎ ሙቀቱን በየት እንደሚያጣ እንይ። የመስኮቱን ስፋት አልነገሩንምና 30 ካሬ ሜትር፣ ባለ አንድ መስታወት ነው እንበል፤ የኮርኒሱ ከፍታ 3 ሜትር፣ ውጭው 5፣ ውስጡ 20 ዲግሪ ይሁን። በመስኮቱ ወደ 2.5 ኪሎዋት ይወጣል፣ በግድግዳው 2.7 አካባቢ። በጣሪያው ግን 5.4 ይወጣል፤ በስንጥቁና በበሩ፣ በመጸዳጃ ቤቱ አየር ማስወጫ ማራገቢያም ሳቢያ የሚገባው ቀዝቃዛ አየር የክፍሉን አየር በሰዓት ሁለት ጊዜ የሚቀይር ከሆነ ሌላ 5.3 ይጨምራል። ድምሩ 16 ኪሎዋት ነው። ስድስቱ ማሞቂያዎች ተባብረው 12 ብቻ ይሰጣሉ። ስለዚህ ሁሉም በርቶም የሚበርዳችሁ ማሞቂያ ስላነሰ ብቻ አይደለም፤ የተቀደደ እንስራ እየሞላችሁ ነው።

ከሁሉ በፊት የአየሩን ቀዳዳ ይያዙ፤ ርካሹ እሱ ነው። ነፋስ ባለበት ቀን ስስ ሶፍት በመስኮቱና በበሩ ጠርዝ፣ ሽቦ ኮርኒሱን በሚበሳበት ቦታ፣ በኤሌክትሪክ ሳጥኑ ዙሪያ ቀስ አድርገው ያሳልፉ፤ በተንቀጠቀጠበት ሁሉ በእርሳስ ምልክት ያድርጉ። ለማይከፈተው ስንጥቅ ሲሊኮን፣ ለሚከፈተው መስኮት የሚለጠፍ የስፖንጅ ጎማ፣ ለበሩ ሥር ብሩሽ ያለው መዝጊያ ይበቃል። የስፖንጁ ውፍረት ከክፍተቱ ጥቂት ብቻ ይብለጥ፤ በጣም ከወፈረ መስኮቱ አይገጥምም፣ ሰው በጉልበት ይዘጋዋል፣ እጀታው ይሰበራል። በሩ ራሱ የሚዘጋበት ክንድ ይገጠምለት። የሒሳብ ሠራተኛዋን ከማንም በፊት የሚያስደስታቸው ይህ ክንድ ይመስለናል።

የመጸዳጃ ቤቱ አየር ማስወጫ ማራገቢያ ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል? ብዙ ቦታ ይሠራል፣ ማንም አያስተውለውም። በሰዓት 200 ሜትር ኩብ የሚስብ ማራገቢያ በእናንተ ቅዝቃዜ ወደ 1 ኪሎዋት ሙቀት ይዞ ይወጣል። ከመብራቱ ማብሪያ ጋር ወይም ከታይመር ጋር ይገናኝ። በሌላ በኩል ሁሉንም ደፍናችሁ አትታፈኑ፤ ለአንድ ሰው በሰዓት 36 ሜትር ኩብ ያህል ንጹሕ አየር ቢገባ ጥሩ ነው፣ ለ14 ሰው 500 አካባቢ ይሆናል። ትንሽ የካርቦን ዳይኦክሳይድ መለኪያ ጠረጴዛ ላይ ቢያስቀምጡ ንባቡ ከ1000 ፒፒኤም ሲያልፍ ትይዩ የሆኑ መስኮቶችን ለአምስት ደቂቃ ወለል አድርጎ መክፈት፣ አንዱን ቀኑን ሙሉ ገርበብ አድርጎ ከመተው በጣም ይሻላል።

ብዙ ሙቀት የምታተርፉት ከጣሪያው ነው፣ እዚህ ላይ ገንዘብ ቢወጣ አይቆጭም። ኮርኒሱ ላይ 15 ሴንቲሜትር የመስታወት ወይም የድንጋይ ሱፍ ሲነጠፍ 5.4 የነበረው ወደ 0.7 ኪሎዋት ይወርዳል። ነገር ግን ሥራው የሚበላሽባቸው ቦታዎች አሉ። ከሱፉ ሥር፣ በሞቃቱ በኩል፣ መጋጠሚያው በቴፕ የታሸገ ፕላስቲክ ካልተነጠፈ የክፍሉ እርጥበት አልፎ ቆርቆሮው ላይ ውሃ ይሆናል፤ ከዚያ “ጣሪያው አፈሰሰ” ይባላል፣ ዝናብ ሳይዘንብ። በሱፉና በቆርቆሮው መሃል ቢያንስ 5 ሴንቲሜትር አየር የሚዘዋወርበት ይተው። ኮርኒሱ ውስጥ የተቀበሩ መብራቶች አይሸፈኑ፣ ይግላሉ። ኃይል የሚሸከሙ ሽቦዎችም ከሱፉ በላይ ይነሡ። ኮርኒሱን የያዙት ሽቦዎች ክብደቱን ይችሉ እንደሆነ ሠራተኛው አስቀድሞ ይፈትሽ፤ ሱፉ ቀላል ነው፣ በካሬ ሜትር ጥቂት ኪሎ ብቻ፣ የዛገ ማንጠልጠያ ግን ያንንም አይችልም።

ለመስኮቱ ባለ ሁለት መስታወት መቀየር ለተከራይ አይመከርም። በፀጉር ማድረቂያ የሚወጠረው ግልጽ ፕላስቲክ ክፈፉ ላይ ይለጠፋል፣ መስታወቱ ላይ አይደለም፤ መሃሉ 2 ሴንቲሜትር ያህል አየር ሲይዝ በመስታወቱ የሚወጣውን ሙቀት ወደ ግማሽ ያወርዳል። ክፈፉ በአልኮል ተጠርጎ ካልደረቀ ቴፑ በሳምንቱ ይላቀቃል። የሚከፈቱትን መስኮቶች ሁሉ ግን አያሽጉ።

ይህ ሁሉ ሲሆንና የሚገባው ቀዝቃዛ አየርም በግማሽ ሲቀንስ 16 ኪሎዋት የነበረው ወደ 7.4 ይወርዳል። 14 ሰው ተቀምጦ ሲሠራ ከሰውነቱ 1 ኪሎዋት ያህል ይሰጣል፣ ኮምፒውተሮቹና መብራቱ ሌላ 1 ቢጨምሩ ለማሞቂያው የሚቀረው 5.4 ገደማ ነው። አሁን ማሞቂያ መምረጥ ይቻላል፤ ቀድሞ ቢሆን ኖሮ ከእጥፍ በላይ የሚሆን ዕቃ ትገዙ ነበር።

ለሰፊው ክፍል ምርጫችን ሙቀት የሚሰጥ ኢንቨርተር ስፕሊት ኤሲ ነው፣ ማለትም አንዱ አካሉ ውስጥ ሌላው ውጭ የሚገጠም፣ ኃይሉንም እንደ ፍላጎቱ የሚያስተካክል፤ ባለ 12000 ቢቲዩ ሁለት። እያንዳንዱ 3.5 ኪሎዋት ያህል ነው፣ አንድ ላይ 7፤ ከቆጣሪው የሚወስዱት ግን በእናንተ አየር ንብረት ከ2 እስከ 2.5 ኪሎዋት ነው፣ ሙቀቱን ከውጭው አየር ስለሚስቡ። ሲገዙ “ማቀዝቀዝ ብቻ” የሚለው እንዳይሰጥዎት የሙቀት ኃይሉ በመለያው ላይ መጻፉን ይዩ። የተጻፈው ቁጥር ብዙ ጊዜ ውጭው 7 ዲግሪ ሲሆን የተለካ ነው፤ ሲበርድ ይቀንሳል፣ ለዚህ ነው ከ5.4 ከፍ ያልነው።

ገጣሚው ሲመጣ አጠገቡ ይቁሙ። ቧንቧው ከተገጠመ በኋላ አየሩን በቫኪዩም ፓምፕ ቢያንስ 20 ደቂቃ መሳብ አለበት፤ “በራሱ ጋዝ እናስወጣዋለን” ካለ ውስጡ የሚቀረው እርጥበት ኮምፕረሰሩን ቀስ በቀስ ይገድለዋል። ሁለቱም ቧንቧዎች ለየብቻ ይሸፈኑ። የኤሲው የውጭ አካል ከግድግዳው ቢያንስ 10 ሴንቲሜትር ይራቅ፣ ፊቱ ክፍት ይሁን፣ ከሥሩ ውሃ የሚወርድበት ይዘጋጅለት። ሙቀት ሲሰጥ ውጭ ያለው አካል በረዶ ይይዛል፤ በየጊዜው ለጥቂት ደቂቃ ማሞቁን አቁሞ ራሱን ያቀልጣል። ይህን ለሠራተኛው አስቀድመው ካልነገሩ አንዱ “ተበላሸ” ብሎ ያጠፋዋል፣ ሌላው መልሶ ያበራዋል። ለእያንዳንዱ ኤሲ ከኤሌክትሪክ ሳጥኑ የራሱ መስመር ይሳብ።

አጠቃቀሙም ግማሽ ሥራ ነው። የአየር መውጫው ክንፍ ወደ ታች ይዙር፣ አለዚያ ሙቀቱ ኮርኒስ ሥር ቀርቶ እግር ይበርዳል። 21 ላይ ይቀመጥ፤ 30 ላይ ማድረግ አያፋጥነውም። ሁለቱም የማሞቂያውን ምልክት ብቻ ይምረጡ፣ “አውቶ” ላይ ከተተዉ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲገባ አንዱ ሲያሞቅ ሌላው ሲያቀዘቅዝ ያገኟቸዋል። ኤሲዎቹ ከሥራ መግቢያ 45 ደቂቃ ቀድመው በታይመር ይነሡ። ማጣሪያው በየሦስት ሳምንቱ በውሃ ይታጠብ።

የሒሳብ ሠራተኛዋ ግን ኤሲው እስኪገጠም መጠበቅ የለባቸውም። ከጠረጴዛ ሥር የሚቆም 120 ዋት ያህል ጠፍጣፋ የእግር ማሞቂያ ነገ ይግዙላቸው፣ መቀመጫቸውም ከበሩ ይራቅ። ለ14ቱም ሰው ቢገዛ ድምሩ 1.7 ኪሎዋት ነው፣ ከአንዱ የአሁኑ ማሞቂያ ያንሳል። ሰው እግሩና ጉልበቱ ከሞቀ ክፍሉ 19 ዲግሪ ቢሆንም አያማርርም። ሲሰጧቸው “ያንን የምወስደው ይህ ስላለ ነው፤ ቀዝቃዛ ከሆነ ለእኔ ይንገሩኝ” ይበሏቸው። ራሱን የሚያጠፋ ሰዓት ያለው ቢሆን ይመረጣል። በቀን አንዴ ብቻ ለምትሠራው የስብሰባ ክፍል፣ ካለች፣ ከ600 እስከ 900 ዋት የኢንፍራሬድ ፓነል በሰዓት ቆጣሪ ይበቃታል፤ አየሩን ሳይሆን ሰውን ስለሚያሞቅ ወዲያው ይሰማል።

የሌሊት የመብራት ዋጋ በግማሽና ከዚያ በታች የሚሰላበት አካባቢ ከሆናችሁ ሌሊት በውስጡ ያለውን ጡብ አግሎ ቀን ሙቀቱን የሚለቅ ማሞቂያም አለ። ግን አንዱ መቶ ኪሎና ከዚያ በላይ ይመዝናል፣ የራሱ መስመርም ይፈልጋል፤ የመጨረሻ ፎቅ ላይ ለተከራየ ሰው አናቀርበውም። የእንጨት ፍሬ ቦይለርም ደረቅ መጋዘንና ጭስ ማውጫ ስለሚፈልግ የባለ ሕንፃ ጉዳይ ነው።

የኪራይ ውልዎ ስንት ዓመት ቀርቶታል? ይህን ሳያውቁ አከራዩ ዘንድ አይሂዱ። ከአንድ ዓመት በታች ከሆነ የአየሩን ቀዳዳ፣ የመስኮቱን ፕላስቲክና የእግር ማሞቂያዎቹን ብቻ ይሥሩ፤ የቀረውን ይተዉት። ከዚያ በላይ ከሆነ በጽሑፍ ሁለት ነገር ይጠይቁ። አንደኛው ጣሪያውን የሚመለከት ነው፤ ሱፉ ለሕንፃው የሚቀር ስለሆነ ወጪውን እንዲጋሩ፣ ወይም ከኪራይ እንዲታሰብ። ሁለተኛው ለሁለት ኤሲ ሁለት ቀዳዳ፣ እያንዳንዳቸው 6 ወይም 7 ሴንቲሜትር ስፋት፣ ስትለቁ በእናንተ ወጪ የሚደፈኑ። ብዙ አከራይ ፊቱ የሚጠቁረው የቀዳዳውን መጠንና ማን እንደሚደፍነው ስላልተነገረው ነው። ከደብዳቤው ጋር ቀዳዳው የሚወጣበትን ግድግዳ ፎቶ አንሥተው፣ ቦታውን በቀይ ከብበው ያያይዙ።